«ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚሉሽ ምን በልተው ያድራሉ?

ከሪያድ የደረሰን ጥያቄ አጠር ሲል እንዲህ ነው። «ሰው ቤት ነው የምሠራው፤ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) አለኝ። በየወሩ 1,000 ሪያል ለእናቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ እልካለሁ። አንዱ ላኪ ቤት ክፍያ የለንም ይላል። ሌላው 15 ሪያልና ቫት ይቆርጣል። ጓደኛዬ ደግሞ ‹ሁለቱንም ተያቸው፣ የማውቀው ልጅ አለ፣ እሱ የተሻለ ይመነዝርልሻል› ትለኛለች። የቱ ያዋጣኛል? ደግሞስ ብር እየወረደ ስለሆነ ሪያሉን ይዤ ብቆይ አይሻልም?»

እህቴ፣ ከመጀመሪያው ልጀምር። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ የባንክ ሐዋላ መስኮት ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከገጠር መጥታ ወረፋ የያዘች እናት «ስንት ብር መጣልኝ?» ነው የምትለው። ከውጭ የሚደውሉ ልጆች ግን «ስንት ይቆርጣሉ?» ይላሉ። ትክክለኛው ጥያቄ የእናቲቱ ነው። ካንቺ ኪስ የወጣው ሪያል ስንት ነው? እናትሽ እጅ የገባው ብር ስንት ነው? ብሩን ለሪያሉ አካፍይው። የሚወጣው ቁጥር የአንድ ሪያልሽ እውነተኛ ዋጋ ነው። ላኪ ቤቶችን በዚህ ቁጥር ብቻ አወዳድሪ። ሌላው ሁሉ ማስታወቂያ ነው።

ላኪ ቤት ሁለት ቦታ ላይ ያተርፋል። አንዱ ክፍያው ነው፤ እሱ ደረሰኝ ላይ ይታያል። ሁለተኛው የምንዛሪ ልዩነቱ ነው። ይሄኛው «ተቆረጠ» ተብሎ የትም አይጻፍም። ሪያልሽን ገበያው ከሚያወጣው ዋጋ ዝቅ አድርጎ ይገዛዋል፤ ትርፉ እዚያው ውስጥ ተደብቋል። መሐል ሜዳ ገበያ በግ ይዘሽ ብትወጪ፣ «ከኔ ጋር ድለላ የለም» ያለሽ ነጋዴ ከዋጋው 500 ብር ቀንሶ ከገዛው ድለላውን ከፍለሻል። ስሙን ብቻ ነው የቀየረው።

እንግዲህ ገበያው የሚያወጣው ዋጋ ስንት እንደሆነ ማወቅ አለብሽ። ለሪያል ይሄ ቀላል ነው። የሳዑዲ ሪያል ከ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሯል፤ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው። ስለዚህ የዕለቱን የዶላር ዋጋ በብር ትወስጂና ለ3.75 ታካፍያለሽ። የዶላሩን ዋጋ ብሔራዊ ባንክ በየቀኑ ያወጣል። ንግድ ባንኮችም በየድረ ገጻቸውና በመተግበሪያቸው ይለጥፉታል። ስታዪ ግን «መግዣ» የሚለውን ዓምድ እዪ። ባንኩ ካንቺ ምንዛሪ የሚገዛ እንጂ የሚሸጥልሽ አይደለም። «መሸጫ»ውን አይተው «ተሰረቅን» ብለው የሚደውሉልን ብዙ ነበሩ። አንዳንድ ባንኮች ለጥሬ ገንዘብና ለሐዋላ የተለያየ ዋጋ ስለሚያወጡ እሱንም ልብ በይ።

አሁን በቁጥር እንየው። ለሒሳብ እንዲቀለን ዶላሩ 150 ብር ነው እንበል፤ የዛሬውን ዋጋ አንቺ ተኪበት። 150ን ለ3.75 ስናካፍል ሪያሉ ልክ 40 ብር ይሆናል። ክፍያ የለኝም ያለው ቤት በ38.60 ይመነዝርልሻል እንበል። የሚቆርጠው ቤት ደግሞ በ39.70። 15 ሪያሉ ላይ የሳዑዲ ቫት 15 በመቶ ሲጨመር 17.25 ይሆናል። ቫቱ የሚታሰበው በክፍያው ላይ ብቻ ነው፤ ከምትልኪው ገንዘብ ላይ አይነካም።

እጅሽ ላይ 1,000 ሪያል አለ። በመጀመሪያው ቤት እናትሽ 38,600 ብር ያገኛሉ። በሁለተኛው ከ1,000 ላይ 17.25 ወጥቶ 982.75 ይቀራል፤ በ39.70 ሲባዛ 39,015 ብር ይሆናል። የሚቆርጠው ቤት በ415 ብር በለጠ። «ያለ ክፍያ» ያለሽ ቤት ከ40,000 ብርሽ ላይ 1,400 ብር ወስዷል፤ 3.5 በመቶ መሆኑ ነው። በነገራችን ላይ የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የመላኪያ ወጪ ከ3 በመቶ በታች እንዲወርድ ግብ ይዟል። የዓለም ባንክ በሚከታተለው መዝገብ 200 ዶላር ለመላክ የዓለም አማካይ አሁንም ከ6 በመቶ በላይ ነው። ስለዚህ በነፃ የሚልክ የለም፤ ያለው ሲቆርጥ የሚታይና የማይታይ ነው።

ግን ቸኩለሽ «የሚቆርጠው ይሻላል» ብለሽ እንዳትደመድሚ። በዚሁ ዋጋ 300 ሪያል ብቻ ብትልኪ ነገሩ ይገለበጣል። በመጀመሪያው 11,580 ብር፣ በሁለተኛው 11,225 ብር ይደርሳል። ትንሽ ብር ሲላክ 17.25 ሪያሉ ይከብዳል፤ ትልቅ ሲላክ ደግሞ የምንዛሪው ልዩነት ይከብዳል። በኛ ምሳሌ መሐሉ 620 ሪያል አካባቢ ላይ ነው። ከዚያ በታች «ያለ ክፍያ»ው ያዋጣል፣ ከዚያ በላይ የሚቆርጠው። የላኪ ቤቶቹ ዋጋ ሲቀያየር ይሄ ልክም አብሮ ይቀያየራል። ለዚህ ነው ከመላክሽ በፊት በየጊዜው ማስላት ያለብሽ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ክፍያው በአንድ ጊዜ መላኪያ የሚታሰብ ከሆነ የሁለት ወሩን ባንዴ መላክም አንድ ዘዴ ነው። በምሳሌያችን 685 ብር ገደማ ይተርፋል። ይሄን ለእያንዳንዱ ሰው አልመክርም ታዲያ። እናትሽ በየወሩ ዘይትና ጤፍ የሚሸምቱበት ከሆነ፣ አንድ ወር ዱቤ ሲገቡ የሚከፍሉት ከ685 ብር ይበልጥ ይሆናል። እሳቸውን ጠይቂያቸው።

ስልክሽ ላይ መተግበሪያ ስትከፍቺ የምታዪውን ደግሞ ላሳይሽ። ብዙዎቹ ተመሳሳይ ናቸው። ከላይ «የምትልኪው» የሚል ሳጥን አለ። ከሥሩ ክፍያው፣ ቫቱ፣ ምንዛሪው ተራ በተራ ይወጣሉ። መጨረሻ ላይ «ተቀባይ የሚደርሰው» የሚል አለ። አንዳንዱ ክፍያውን ከላይኛው ቁጥር ላይ ይቀንሳል፤ አንዳንዱ ደግሞ በላዩ ላይ ይጨምራል። 1,000 ጻፍሽ ማለት ከሒሳብሽ 1,000 ብቻ ወጣ ማለት ላይሆን ይችላል፤ 1,017.25 ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ጠቅላላ የምትከፍዪው» የሚለውን ፈልጊ። እሱንና የመጨረሻውን መስመር ብቻ ወረቀት ላይ ጻፊ። «ላክ» የሚለውን ሳትጫኚ በሁለትና በሦስት መተግበሪያ ሞክሪው። ሳትልኪ ማየት አያስከፍልም።

ለአዲስ ደንበኛ የሚሰጥ ልዩ ዋጋም አለ። የመጀመሪያው መላኪያ ላይ ክፍያ የለም፣ ምንዛሪውም ያጓጓል። ተጠቀሚበት፣ ምንም ነውር የለውም። ሁለተኛው ላይ ግን እንደገና አስዪ። ሰዉ በመጀመሪያው ዋጋ ተማርኮ ዓመት ሙሉ ሳያይ ይልካል። የበዓል ዕጣና ሽልማቱንም እንደዚሁ እዪው። ጃንጥላ ደርሷቸው በምንዛሪ የተጎዱ ሰዎች አውቃለሁ።

አንድ ወጪ ደግሞ ማንም አያስበውም፤ ታክሲው። ላኪ ቤት ለመድረስና ለመመለስ 30 ሪያል ከከፈልሽ፣ ስለ 15 ሪያሉ ያወራነው ሁሉ ከንቱ ነው። ደሞዝሽ ወደ ባንክ ሒሳብ ወይም ወደ ስልክ ገንዘብ የሚገባ ከሆነ ከተቀመጥሽበት ላኪ። እንደ ኤስቲሲ ባንክና ዩርፔይ ያሉት በስልክ ይሠራሉ፤ እንደ ታህዊል አል ራጅሂና ኢንጃዝ ያሉትም መተግበሪያ አላቸው። የቱ እንደሚሻል አልነግርሽም፤ ዋጋቸው በየቀኑ ይቀያየራል። ስሌቱን ይዘሻል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር። ገንዘቡ ብር የሚሆነው የት ነው? ሁለት መንገድ አለ። አንዱ እዚያው ሪያድ ነው፤ የሚደርሰው ብር ስትልኪ ይወሰናል፣ ደረሰኝሽ ላይም ይጻፋል። ሌላው ደግሞ ሪያልሽ መጀመሪያ ዶላር ይሆንና ከባንክ ባንክ ተላልፎ እዚህ ሲደርስ በዕለቱ ዋጋ ይመነዘራል። በሁለተኛው መንገድ ሁለት ጊዜ ይመነዘራል፤ ሁለቱም ላይ ትንሽ ትንሽ ይላጫል። በመሐል ያለው አስተላላፊ ባንክም የራሱን ሊቆርጥ ይችላል። «የመላኪያውን ወጪ ሁሉ እኔ ልሸፍን» ብለሽ ካልመረጥሽ፣ የሚቆረጠው ከእናትሽ ነው። 1,000 ሪያል ለሚልክ ሰው ይሄ መንገድ ውድ ነው። ቤት ለመግዣ፣ ለመሬት፣ ለትልቅ ክፍያ ሲሆን ነው የሚያዋጣው። ስለዚህ «ዋጋው አሁን የተወሰነ ነው ወይስ ሲደርስ የሚመነዘር?» ብለሽ ጠይቂ።

ወደ እናትሽ እንሂድ። መንዝ ደብረ ብርሃን አይደለም። ከመሐል ሜዳ ወጣ ካሉ ገጠሩ ሌላ ነው። እናትሽ ከተማው ውስጥ ካልሆኑ ባንክ ለመድረስ የመኪና ይከፍላሉ፤ ሰልፉ ካልደረሳቸው ያድራሉ። መንገድ የሚዘጋበት፣ ኔትወርክ የሚጠፋበት ጊዜም እንዳለ ታውቂያለሽ። ስለዚህ በሚስጥር ቁጥር የሚወጣ ጥሬ ገንዘብ ከመላክ በሒሳባቸው ማስገባት ይሻላል። ሒሳብ ውስጥ የገባ ገንዘብ መንገዱ እስኪከፈት ይጠብቃል። በቁጥር የተላከ ግን ቀን ይቆጠርበታል፤ ካለፈ ወደ አንቺ ይመለሳል፣ እንደገናም ማስላት ነው። ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ ካለ ደግሞ ባንዴ ማውጣት የለባቸውም፤ ለገበያ ቀን የሚበቃቸውን ብቻ ያወጣሉ። ቴሌብርም ከውጭ ይቀበላል። ወኪል ከጎረቤት ካለ ጥሩ ነው፣ ለማውጣት የሚከፈለውን ግን ስሌትሽ ውስጥ ክተቺ።

ሒሳብ ሲባል ስም ይመጣል። መስኮቱ ላይ ያየሁት ትልቁ ጣጣ የስም ነው። ልጅ ከውጭ የምትልከው ሰፈር በሚጠራው ስም ነው፤ መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ። አንዲት እናት የሚታወቁት በክርስትና ስማቸው፣ ሒሳቡ የተከፈተው በዓለም ስማቸው። ወይም «ፀ» የሚለው ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል አንዱ ጋ በሁለት ፊደል፣ አንዱ ጋ በአንድ ተጽፏል። ገንዘቡ መጥቷል፣ ሰውዬዋ እዚህ ቆመዋል፣ ግን አይወጣም። እናትሽ የሒሳብ ደብተራቸውን ወይም የፋይዳ መታወቂያቸውን በስልክ ፎቶ ያስነሱና ይላኩልሽ። ስሙን፣ የአባቱን፣ የአያቱን፣ እዚያ እንዳለ ፊደል በፊደል ገልብጪ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ ከሆነ ቁጥሩ 13 አኃዝ ነው፤ በ1000 ይጀምራል። ቆጥሪው። የተሳሳተ አኃዝ ገንዘቡን የማታውቂው ሰው ሒሳብ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል፤ ማስመለሱ ወራት የሚፈጅ ደጅ ጥናት ነው።

የጓደኛሽ «ልጅ» ነገር። አልዋሽሽም፣ የሚሰጠው ዋጋ ከባንኩ ይበልጣል። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ክፍተቱ ጠቦ ነበር፤ አልጠፋም። ለምን እንደሚበልጥ ግን እወቂ። ልጁ ሪያልሽን ኢትዮጵያ አያመጣውም። እዚያው ይቀራል። ዕቃ ለማስመጣት ምንዛሪ ያጣ ነጋዴ ይገዛዋል፣ ወይም የባሰ ሥራ ያለው ሰው ይገዛዋል። ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያለው ተባባሪው ደግሞ ለእናትሽ ብር ያስገባል። ብሩን የሚያስገባው ሰው ማን ነው? አንቺም አታውቂም፣ ጓደኛሽም አታውቅም። እናትሽ ሒሳብ ላይ በማያውቁት ሰው ስም በየወሩ ብር ሲገባ፣ ባንኩ «ምንጩ ምንድን ነው?» ቢላቸው ምን ይመልሳሉ? በሕገወጥ ምንዛሪ የተጠረጠሩ ሒሳቦች ሲታገዱ አይተናል። ሲታገድ የሚታገደው ያ ወር የገባው ብር ብቻ አይደለም፤ ሙሉ ሒሳቡ ነው።

ልጁ አንድ ቀን ስልኩን ቢዘጋ ደግሞ ደረሰኝ የለሽም። ሥራው በሳዑዲም በእኛም ሕግ የተከለከለ ስለሆነ ፖሊስ ጋ ሄደሽ «ሕገወጥ ላኪ በላኝ» ልትዪም አትችዪም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ። በወር ሁለት ሦስት ሺህ ብር ይተርፍሻል እንበል፤ አንድ ወር ከከዳሽ 40,000 ብር ነው የሚሄደው። በኔ ሚዛን አያዋጣም። ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር ልጨምር፤ ኢቃማ የሌላት ጓደኛሽ «ባንቺ ስም ላኪልኝ» ብትልሽ ልብሽ ይራራል፣ ይገባኛል። ግን ከደሞዝሽ ጋር የማይመጣጠን ገንዘብ በስምሽ ሲወጣ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።

ይዞ ስለመቆየት የጠየቅሽው ከባዱ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲል ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ያኔ ሪያል ይዞ የነበረ ተጠቀመ፤ ከዚያ ወዲህ ሁሉም «ቆይ ይጨምራል» ይላል። ብር ሲወርድ ግን ኑሮም አብሮ ይወደዳል። ሦስት ወር ቆይተሽ የላክሽው ብር በቁጥር ቢበዛም፣ የሚገዛው ጤፍ ያን ያህል ላይበዛ ይችላል። እስከዚያ እናትሽ ምን ይበላሉ?

እኔ ብሆን ገንዘቡን ለሁለት እከፍለዋለሁ። የእናትሽን የወር ወጪ በወሩ ላኪ፤ ምንዛሪ እየጠበቅሽ አትቆማመሪበት። ያንቺ ቁጠባ የሆነውን፣ ነገ መጥተሽ ቤት የምትሠሪበትን ግን ዛሬ ወደ ብር ለመቀየር ምንም አያስቸኩልሽም። እዚያው በሪያል በሒሳብሽ ይቀመጥ። ወይም የአገር ቤት ባንኮች ለዳያስፖራ የሚከፍቱት የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ አለ፤ ገንዘቡ በምንዛሪነቱ ይቀመጣል፣ ስትፈልጊ ነው ብር የሚሆነው። ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ እዚህ የሚኖር ሰውም ከውጭ በሚላክለት ገንዘብ እንዲህ ያለ ሒሳብ መክፈት ይችላል። በእናትሽ ስም መሆን ግን አያስፈልገውም፤ ያንቺ ቁጠባ ባንቺ ስም ይሁን። እናትን ባለማመን አይደለም። ወንድምና እህት ባለበት ቤት በእናት ስም የተቀመጠ ገንዘብ ስንት ጠብ እንደሚያመጣ ስላየሁ ነው።

የቀን ነገር እንዳይረሳ። ሳዑዲ የሚያርፉት ዓርብና ቅዳሜ ነው፣ እኛ ጋ እሑድ። ሐሙስ ማታ የላክሽው ወዲያው የሚደርስ ዓይነት ካልሆነ እስከ ሰኞ ሊቆይ ይችላል። ለዓመት በዓል ከሆነ በሳምንቱ መጀመሪያ ላኪ።

ከዘገየም አትደንግጪ፤ እናትሽንም ወደ ባንክ አታሩጫቸው። ያልገባ ገንዘብ መሐል ሜዳ ቅርንጫፍ ያለው ሠራተኛ አይታየውም፤ «አልመጣም» ብሎ ይመልሳቸዋል። መጀመሪያ የምትደውዪው ለላክሽበት ቤት ነው። የመላኪያ ቁጥሩን ንገሪያቸውና «ተከፍሏል ወይስ ተይዟል? በምን ምክንያት?» በያቸው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ያ የስም ጉዳይ ነው፤ እዚያው ያስተካክሉታል። እናትሽ ስልካቸው ላይ የባንኩ መልእክት ሳይገባ ከቤት እንዳይወጡ ንገሪያቸው።